ቀይ ፕላስተር

አማቴ በተበላሸ ቧንቧ ፈጣሪያቸውን ያመሰግናሉ። ነገር እየጨመርኩ አይደለም። ጠዋት ይነሱና ፊታቸውን ሳይታጠቡ ወጥ ቤት ገብተው ከሚያንጠባጥበው ቧንቧ ፊት ይቆማሉ፤ በአንድ ጣታቸው ነካ ያደርጉትና «ተመስገን» ይላሉ። ቧንቧው ጠብ፣ እሳቸው ተመስገን። ከዚያ እግሩ ወደ ተናጋው ወንበር ይሄዳሉ፤ ተመስገን። ከዚያ መዝጊያው አልገጥም ወዳለው ቁምሳጥን፣ መቀርቀሪያው ወደ ወለቀው መስኮት፣ ደጋግመው ካልተጫኑት ወደማያበራው ማብሪያ። ሁሉም ድርሻውን ያገኛል። እኔ አልጋዬ ላይ እንደተኛሁ በግድግዳው በኩል እሰማለሁ፤ ደሜ ይፈላል።

ሰው ለጤናው ያመሰግናል፤ ለሥራው፣ ለልጁ ያመሰግናል። ለተናጋ ወንበር የሚያመሰግን ሰው ግን ወይ ጃጅቷል ወይ እያሾፈ ነው። የአማቴ አእምሮ ደግሞ ከእኔው ይሻላል፤ የጎረቤቱን ልጆች ሁሉ ከነታላቅና ታናሻቸው በቃላቸው ይዘዋል። ስለዚህ እያሾፉብኝ ነው ብዬ ደመደምኩ።

በእኔ የሚያሾፉት ለምን እንደሆነ ለመረዳት ሥራዬን ማወቅ ያስፈልጋል። ሸሚዝ ፋብሪካ ውስጥ ጥራት ተቆጣጣሪ ነኝ። ሸሚዙ ከስፌት መስመር ወጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ይወድቃል። ኮሌታውን እገለብጣለሁ፣ ሁለቱን እጅጌ ደርቤ እለካለሁ፣ ቁልፎቹን ጎተት ጎተት አደርጋለሁ፣ የጎን ስፌቱን ወደ ብርሃን አዙሬ አያለሁ። የተዘለለ ስፌት ወይም የላላ ክር ካገኘሁ ቦታው ላይ ትንሽ ቀይ ፕላስተር ለጥፌ ወደ ሰፊዋ እመልሳለሁ። እሷ ካስተካከለች በኋላ እንደገና አይቼ ፕላስተሩን የማነሳው እኔ ብቻ ነኝ። ያልተሠራ ነገር ላይ ምልክት አይነሳም፤ ደንቡ ነው። ሰፊዎቹ ልጆች «ትራፊክ» ይሉኛል። በአጠገባቸው ሳልፍ አንዷ «ቀበቶሽን እሰሪ፣ ትራፊክ መጣች!» ስትል ሌሎቹ ይንከተከታሉ። ያልሰማሁ መስዬ አልፋለሁ እንጂ ደስ ይለኝ ነበር። ሥራዋን ለማታውቅ ተቆጣጣሪ ማንም ቅጽል ስም አያወጣላትም።

ይህ ልማድ እስከ ቤቴ ተከተለኝ። ባሌ የአውቶቡስ መካኒክ ነበር። ቀኑን ሙሉ የሰው አውቶቡስ ሲፈታና ሲገጥም ይውልና ቤቱ ሲገባ መፍቻ ማየት አይፈልግም። «ቧንቧው እኮ ያንጠባጥባል» ስለው «እሺ» ይላል። የእሱ እሺ ደግሞ የሌላው ሰው ዓይነት እሺ አይደለም፤ ሰምቻለሁ ለማለት ያህል ነው። ነዝናዛ ሚስት ከምባል ብዬ ከፋብሪካ የተረፈ ፕላስተር ይዤ መጣሁና የተበላሸው ነገር ላይ ሁሉ መለጠፍ ጀመርኩ። እኔ አፌን ዘጋሁ፤ ፕላስተሩ ይናገር። አንድ እሁድ ደስ ሲለው እጅጌውን ሰብስቦ ከመካከላቸው አንዱን ይጠግናል። ከዚያ ፕላስተሩን ይልጥና እጄ ጀርባ ላይ ለጥፎልኝ «ተረከቢ፣ አለቃዬ» ይለኛል። የተቆጣሁ መስዬ ሄጄ እፈትሻለሁ። ብዙውን ጊዜ መልሼ እለጥፍበታለሁ። ይስቃል። ትዳራችን ይኸው ነበር፤ እኔ ከዚህ የበለጠ ፍቅር አላውቅም፣ ይህም ይበቃኝ ነበር።

አንድ ረቡዕ ከጋራዡ ሲወጣ በሩ ላይ ወደቀና አልተነሳም። ልቡ ነው አሉ። ያልጠገናቸው ዕቃዎች ከነፕላስተራቸው ቀሩ። እንዳሉ ተውኳቸው፤ ማን ሠርቶ ማን ያንሳቸው?

እኔ አላለቀስኩም። ጥርስ የሚነቅለው ሐኪም በመርፌ ሲወጋሽ ከንፈርሽ ይደነዝዝና ነክሰሽው እንኳ አይታወቅሽም አይደል? እኔን ሁለንተናዬን ነው የወጋኝ። በቀብሩ ላይ ሴቶቹ ዓይን ዓይኔን ያዩ ነበር። «አንድ ዘለላ እንኳ ጠብ አላላትም» አለች አንዷ፤ ድምፅዋን ዝቅ ማድረጓ እንድሰማላት ነው። ሌላዋ «ድንጋይ ናት» አለች። አልተቀየምኩም፤ ልክ ሳይሆኑ አይቀሩም ብዬ አሰብኩ። ብዙም ሳልቆይ ሥራዬ ገባሁ። እጄ ይሠራል፣ ዓይኔ ያያል፣ እኔ ግን የለሁም። አንድም የላላ ክር አላመለጠኝም። ልጆቹ ብቻ ትራፊክ ማለቱን ተዉት፤ ስመጣ ፀጥ ይላሉ፣ ሳልፍ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ።

አማቴ ለቀብሩ ከሌላ ከተማ ነው የመጡት። «እስክትረጋጊ ልቆይ» ብለው በዚያው ቀሩ። ሳሎን ሶፋው ላይ ይተኛሉ። ይጠርጋሉ፣ ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ያመሰግናሉ። ዳቦ ገዝቼ ስገባ ተመስገን። ረስቼ ባዶ እጄን ስገባ «እንኳን በሰላም ገባሽ፣ ተመስገን»። አውቶቡሱ ቢዘገይ መምጣቱ፣ ባይመጣ እግር መኖሩ። ሁሉንም መቻል እችል ነበር፤ ያንን የጠዋቱን የፕላስተር ዙር ግን አልቻልኩም። እሳቸው የሚነኩት ቀይ ምልክት ያለበትን ብቻ ነው። ደህናውን ጠረጴዛ፣ ደህናውን በር ዞር ብለው አያዩትም። የእኔን ጉድለት እየቆጠሩ፣ ልጃቸውን ያዋከብኩበትን እያስታወሱ ነው ብዬ ተብከነከንኩ።

አንድ ቀን ጠዋት ትዕግሥቴ አለቀና ከመኝታ ቤት ወጣሁ። መስኮቱ ጋ ቆመዋል።

«እማማ፣ ልጅዎ ሞቶ ምኑ ነው የሚያስመሰግነው?» አልኩ።

እጃቸውን ከመቀርቀሪያው ላይ ሳያነሱ አዩኝ። «እሱንማ እኔስ መች አወቅኩት ልጄ» አሉ። ከዚያ መጥረጊያቸውን ያዙ። ማፈር ነበረብኝ፤ ያ የባለጌ አነጋገር ለጠላትም አይገባም። ግን አላፈርኩም። ማፈርም የሚሰማ ሰው ይፈልጋል።

እንዲህ እያልን ስንኖር የባሌ ታላቅ እህት ደወለች። ፀጉር ሠሪ ናት፤ ከማድረቂያው ጩኸት በላይ መናገር ስለለመደች ስልክ ላይም ትጮሃለች። እንዳታደነቁረኝ ስልኩን ከጆሮዬ ራቅ አድርጌ ስለያዝኩት አማቴ ሁሉንም ይሰማሉ። ሽንኩርት እየላጡ ነበር።

«ለእማዬ ክፍል አዘጋጅቼላታለሁ፤ እሁድ መጥቼ ልወስዳት ነው» አለች። «አንቺስ ምን ትያለሽ?»

የአማቴ ቢላዋ ቆመ።

«እንዳላችሁ» አልኩ።

«እንዳላችሁ ማለት?»

«እንደተመቻቸው።»

አማቴ «እንደተመቸኝ» ብለው ለሽንኩርቱ ደገሙለትና መላጥ ቀጠሉ። የባሌ እህት ግን በማግስቱ ፋብሪካው ድረስ ደወለችልኝ፤ ይህን ጊዜ አልጮኸችም። «ስሚኝማ፣ እማዬ መሄድ አትፈልግም። ‹ቆዪ ካላለችኝ ግን በምን አንገቴ እቀመጣለሁ? ቤቱ የሷ ነው› ትላለች። ከፈለግሻት አንድ ቃል በያት። ካልፈለግሻት ደግሞ አልቀየምሽም፣ እሁድ እመጣለሁ።»

አንድ ቃል። ምላሴ ላይ ነበረች እኮ። ግን እኔ ያላየሁትን ሸሚዝ አላሳልፍም። ውስጤን ገልብጬ ሳየው አሮጊቷ ቢቆዩ ደስ አይለኝም፣ ቢሄዱም አይከፋኝም። ባዶ ነው። ባዶ ሆድ ይዞ «አይሂዱብኝ» ማለት ውሸት መሰለኝና ሐሙስም ዓርብም አፌን ይዤ ዋልኩ። እሳቸው ማታ ማታ ሻይ ሲያቀርቡልኝ ትንሽ ቆም ይላሉ። እኔ ሻዩን እጠጣለሁ።

ከጠረጴዛዬ አጠገብ ሸሚዝ የምታጥፈው ባልደረባዬ ቅጽል ስሟ ወሬ ነው። ከየት እንደሰማች እንጃ፣ ቅዳሜ ገና ሳልቀመጥ ጀመረች።

«ተገላገልሽ በያ! አማት ሄደች ማለት እኮ ሎተሪ ነው። የእኔዋ ጨው በዛ፣ ጨው አነሰ ስትለኝ እኔው ራሴ ጨው ሆኜ ቀረሁ። ያንቺዋ ምን ይላሉ?»

«ተመስገን ይላሉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

ማጠፏን አቆመች። «እና ይሄ ነው የሚያናድድሽ?»

«በጣም።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰውንም እንደ ሸሚዝ ገልብጠሽ ማየት ተዪ» አለችና ሳቋን ለቀቀችው። አብሬያት ልስቅ ሞክሬ ነበር፤ ፊቴ አልታዘዝ አለኝ።

እሁድ ረፋዱ ላይ የባሌ እህት ታክሲ በር ላይ አስቁማ ገባች። ገና ከመግባቷ ሻንጣ ከፈተች፣ ልብስ አጣጠፈች፣ እናቷን «ጫማሽ የት አለ፣ መነጽርሽስ» እያለች አዋከበች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ሐዘኗ በእጇ በኩል ስለሚወጣ ነው። እኔ የሳሎኑ በር ላይ ተደግፌ ቆሜያለሁ። መርዳት እንኳ አልመጣልኝም።

አማቴ ካፖርታቸውን ለብሰው ለመጨረሻ ጊዜ ቤቱን ዞሩ። ማብሪያውን ነኩ፣ መስኮቱን ነኩ፣ ቁምሳጥኑን ነኩ፣ የወንበሩን መደገፊያ ዳበሱ። ወጥ ቤት ሲገቡ ተከተልኳቸው። ለምን እንደተከተልኳቸው አላውቅም፤ ምናልባት ለመጨረሻ ጊዜ ልናደድ ፈልጌ ይሆናል። ቧንቧው ጋ ቆሙና ወደ እኔ ዞሩ። ልመና የማያውቅ ሰው ሲለምን እንደሚያደርገው ዓይናቸውን ሰበሩ።

«ልጄ፣ አንዲት ነገር ልለምንሽ ነበር። ካስቸገርኩሽ እምቢ በይኝ፣ አልቀየምም። ከነዚህ ቀያዮች አንዷን ልጬ ልውሰድ?»

«ፕላስተሩን? ለምን?»

«አንቺ አምስት አለሽ፣ ለእኔ አንዷ ትበቃኛለች ብዬ ነው።»

«እማማ፣ ምን ያደርግልዎታል?»

«ልጄ የሠራውን ላስታውስበት ነዋ!» አሉ፤ እኔ ይህን አለማወቄ እያስገረማቸው። «እጁ ያረፈበት ሁሉ ላይ ምልክት አድርገሽ የለ? እኔ እኮ የመጣሁ ዕለት ሰዎቹ ስለ አንቺ ሲሉ የሰማሁት ነበር። ድንጋይ ናት ሲሉ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔም ትንሽ ገርሞኝ ነበር። በማግስቱ ስነሳ ግን ቤቱን ሳየው፣ እዚህ ቀይ፣ እዚያ ቀይ። የነካውን ነገር አንድ በአንድ ለይታ አስቀምጣለታለች አልኩ። እሷ የምታለቅሰው እንዲህ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲህ ነው ጠዋት ጠዋት የምዞረው። ለካ እኔ ልጄን ስቀብር ያስቀመጠልኝ ሰው አለ ብዬ።»

አፌን ከፈትኩ። ሙያዬ ነው፤ ስህተት ሳይ አፌ በራሱ ይከፈታል። ያ ምልክት የሚናገረው የሠራውን ሳይሆን ያልሠራውን ነው፤ እሺ ብሎ የተወውን። ይህን ለመናገር አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር።

«ግን እማማ፣ ቧንቧው እኮ ያንጠባጥባል» አልኩ። እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው የወጣልኝ።

አማቴ አዝነውልኝ ተመለከቱኝ። «ታዲያስ! ከልጅነቱ ጀምሮ እንደዚሁ ነው። እሱ የጠገነው ነገር መቼ ደህና ሆኖ ያውቃል? ራዲዮኔን ሠራሁልሽ ብሎኝ ድምፁን ልቀንስ ስል ይጠፋ ነበር። ወንበር ሠራሁልሽ ብሎኝ አባቱ ተቀምጦበት ወደቀ። አውቶቡሱን እንዴት አምነው እንደሰጡት እስከ ዛሬ አይገባኝም። ቧንቧው ሲያንጠባጥብ ሳይ ነው እንዲያውም እርግጠኛ የሆንኩት። የልጄ እጅ ነው አልኩ።»

ሳቅኩ። ሳላስበው፣ ከአፍንጫዬ እንደማስነጠስ ወጣ። ከዚያ ሌላ ሳቅ መጣ፤ ወንበሩ ላይ የወደቁት የባሌ አባት ታዩኝ፣ «ተረከቢ፣ አለቃዬ» እያለ እጄ ላይ የለጠፈብኝ ሁሉ ታየኝ፣ መልሼ የለጠፍኩት ሁሉ ታየኝ። አማቴም ሳቁ። ሁለታችንም የተበላሸ ቧንቧ ፊት ቆመን ሆዳችንን እስኪያመን ሳቅን። እውነቱን አልነገርኳቸውም። ጉድለቱን እያየሁ፣ እያወቅኩ፣ በገዛ እጄ ያሳለፍኩት የመጀመሪያው ነገር እሱ ነው።

ከውጭ ታክሲው ጡሩምባ ነፋ። የባሌ እህት ሻንጣውን እየጎተተች ብቅ አለች። «ምን ያስቃችኋል? ሰውዬው ትቶን ሊሄድ ነው እኮ!»

አማቴ ዓይናቸውን ጠረጉና በጥፍራቸው የፕላስተሩን ጫፍ ፈለጉ። እርጥበት ስላገኘው ቶሎ ተላጠ። በመሐረባቸው ጠቅልለው ካፖርታቸው ኪስ ውስጥ ጨመሩት። «ተመስገን» አሉ። «በይ ደህና ሁኚ ልጄ። ምግብሽን ብይ።»

ያኔ ነው የፈራሁት። ፍርሃት ይሁን አይሁን በደንብ አልለየሁትም፤ ደንዝዞ የቆየ እግር ሲፈታ መጀመሪያ እንደሚቆነጥጠው ዓይነት ነገር ደረቴ ላይ መጣ። ነገ ጠዋት ታየኝ። እነቃለሁ፣ በግድግዳው በኩል ምንም አልሰማም፣ ተነስቼ ሥራ እሄዳለሁ። ከነገ ወዲያም እንደዚሁ።

«እማማ፣ አይሂዱ» አልኩ።

«ምን አልሽ?»

«አይሂዱ። እዚሁ ይቆዩ።»

የባሌ እህት ሻንጣውን ለቀቀችው። አማቴ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ለእኔ ብለሽ ከሆነ ተዪው የኔ ልጅ። በይሉኝታ የተያዘ ሰው ሸክም ነው፤ ላንቺም ለእኔም አይበጅም።»

«ይሉኝታ አይደለም!» ጮህኩ መሰለኝ። «ይሉኝታ ለመያዝም እኮ የሚሰማ ልብ ያስፈልጋል። እኔ ምንም አይሰማኝም እማማ። የምበላው አይጣፍጠኝም፣ እንቅልፉ አያሳርፈኝም፣ ሰው ሲያለቅስ አያስለቅሰኝም። ጠዋት ጠዋት ግን እርስዎ እየዞሩ ተመስገን ሲሉ ያናድዱኛል። ጥርሴን እስኪያመኝ ነው የሚያናድዱኝ። ቀኑን ሙሉ የሚሰማኝ እሱ ብቻ ነው። ከአልጋ የሚያስነሳኝ እሱ ነው። እርስዎ ከሄዱ ምን ይቀረኛል?»

ቧንቧው ጠብ፣ ጠብ አለ። 

«በሉ ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ግብዣ ነው» አለች የባሌ እህት።

አማቴ አልሳቁም። እኔን፣ ሴት ልጃቸውን፣ ሻንጣውን አዩ። አሁን ተመስገን ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ፤ ለመናደድም ተዘጋጀሁ።  እሳቸው ግን ካፖርታቸውን እንደለበሱ ሻንጣው ላይ ቁጭ አሉ። ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ ቀጥሎ ከሆዳቸው የሆነ ድምፅ ወጣ፤ ዝቅ ያለ፣ ሻካራ፣ ከዚያች ትንሽ ሰውነት ይወጣል የማይባል። ስሙን ጠሩት፤ ሰው የሚያውቀውን ስሙን ሳይሆን ልጅ ሳለ ይጠሩበት የነበረውን። ደጋግመው ጠሩት።

የባሌ እህት ደንግጣ «እማዬ፣ እማዬ» እያለች እግራቸው ሥር ተንበረከከች። ታክሲው እንደገና ጡሩምባውን ነፋ። ወጥቼ ሹፌሩን ሂድ አልኩትና ተመልሼ ከአማቴ አጠገብ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።  እጃቸውን ያዝኩ፤ እሳቸውም አጥብቀው ያዙኝ፣ ቀለበቴ ጣቴን እስኪቆረጥመኝ ድረስ። ያ ተሰማኝ።

ከቀብሩ ቀን ጀምሮ ሰው ሁሉ ሲጠብቅ የነበረው የእኔን ዕንባ ነበር። ድንጋይ የተባልኩት እኔ ነኝ፣ ከንፈር የተመጠጠልኝ እኔ ነኝ። እሳቸው ቀብሩ ላይ እየዞሩ የመጣውን ሰው አንድ በአንድ ሲያመሰግኑ ዋሉ፤ ከዚያም ቤቴ መጥተው ማመስገናቸውን ቀጠሉ። ልጇ የሞተባት ይቺ ሴት መቼ አለቀሰች ብሎ የጠየቀ ግን አንድም ሰው አልነበረም። እኔም አልጠየቅኩም።